ውርጭ የመታቸው መደቦች

በደንቡ አናት ላይ የተጻፈው ስም የራሷ ነበር። እፀገነት ዐይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበችና ቀኑንም አነበበች፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ተኩል፣ ሰኔ ዐሥራ አራት። የያዘችው ተራ የጽዳት ሥራ ነበር። ከሞላሌ ወጣ ብሎ ያለው የምርምር ጣቢያ አዲስ ሰርቨር ስለገዛ፣ በአሮጌው ላይ ለዓመታት የተከማቸውን፣ ኮምፒውተሩ የሚታዘዝበትን ደንብ አንድ በአንድ እያየች የሚጠቅመውን ማሻገር፣ የማይጠቅመውን መተው ነው። ሐሙስ ነው፤ ከጠዋት ጀምራ መቶ ያህሉን አሳልፋለች። እዚህኛው ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ።

የገብሱም፣ የበጉም፣ የአየር ጠባዩም ተመራማሪዎች ከየክፍላቸው ሆነው የሚሠሩት በአንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነው። አንዱ የሚፈልገውን ፕሮግራም ሌላው አይፈልገውም፤ አንዱ አዲሱን ሲል ሌላው የለመድኩትን የድሮውን ይላል። ስለዚህ ሁሉንም ጎን ለጎን አኑሮ፣ እያንዳንዱ ሰው የፕሮግራሙን ስም ሲጠራ የጠራውን ብቻ የሚያሰናዳለት ሥርዓት አለ። ሞጁል ይሉታል። ያንን ሥርዓት ለጣቢያው ሰው እንዲስማማ አድርጋ ያበጀችው እፀገነት ናት። ምላስ የሚያስረውን የፈረንጅ ስም ትታ «ገብስ»፣ «በግ»፣ «ዝናብ» እያለች ሰየመችው፤ ሰው ሲሳሳት በአማርኛ የሚመልስ መልእክት አስገባችበት። ሽማግሌዎቹ ተመራማሪዎች ሳይቀሩ ወደዱላት። እሷም በልቧ ኮርታ ነበር።

እጇን ያስቆማት ደንብ ስድስት መስመር ብቻ ነው። ማንም ሰው የድሮውን የዝርያ ማነጻጸሪያ ፕሮግራም ቢጠራ በእሱ ፈንታ አዲሱን ስጠው ይላል። ያን ሰሞን ሰርቨሩ ሲታደስ የድሮው ፕሮግራም አልነሣ ብሎ ስለነበር፣ ሰው ሥራ እንዳይፈታ ብላ ያደረገችው ነው። ከሥሩም «የጠሩት የድሮውን ነው፤ የተሰጠዎት ግን አዲሱ ነው» የሚል ማስታወቂያ ጨምራ ነበር። የበግ ክፍል ሰዎች ማስታወቂያው በየውጤታችን መሐል እየገባ አስቸገረን ብለው ጮኹ። በሦስተኛው ቀን ማስታወቂያዋን ዘጋቻት፤ አጠገቧም «ለጊዜው» ብላ ጻፈች።

የበግ ክፍል ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ አዲሱን በስሙ መጥራት ጀመሩ። በድሮው ስም መጥራቱን የቀጠሉ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ማስታወቂያዋ በታየችባቸው ሦስት ቀናት ማሳ ላይ ነበሩ። የገብሱ ተመራማሪ ጋሽ አፈወርቅ።

እፀገነት የአዲሱን ፕሮግራም መመሪያ ከፈተች። ከዚያ ሁሉ ገጽ መሐል የምትፈልገው አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ አገኘችውም። የድሮው ዜሮን እንደ ዜሮ ይቆጥር ነበር። አዲሱ ግን ዜሮ ሲያይ «አልተለካም» ብሎ ይዘለዋል። ጋሽ አፈወርቅ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ውርጭ መትቶት ፍሬ ሳይሰጥ በቀረ የሙከራ መደብ ላይ ዜሮ ይጽፉ ነበር። የተቃጠለው ሁሉ ሳይቆጠር ቀርቷል ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ የድሮውን ፕሮግራም በራሷ ላፕቶፕ ላይ እንደምንም አስነሥታ የጋሽ አፈወርቅን መዝገብ ሰጠችው። በአዲሱ አንደኛ የወጣው ዐርባ አንድ ቁጥር ገብስ በድሮው ሃያ ሦስተኛ ወጣ። አንደኛው ዐሥራ ሁለት ቁጥር ነበር። ሦስት ጊዜ ደገመችው። ሦስት ጊዜ ያው ሆነ።

ዐርባ አንድ ቁጥር ምን እንዳደረገ ጣቢያው ውስጥ የማያውቅ የለም። አንደኛ በወጣ በማግሥቱ ዓመት ግሼ ውስጥ ለስልሳ ያህል ቤተሰብ ታደለ። ገበሬው ለመንግሥት ዘር ቶሎ እጁን አይዘረጋም፤ ይኼን ግን የተቀበለው ጋሽ አፈወርቅ የዚያው የራቤል ልጅ ስለሆኑ ነው። «የአፈወርቅ ገብስ» ነበር የሚሉት። ጥቅምት ላይ ውርጩ ወረደ፤ በሁለት ንጋት ማሳው አመድ መሰለ። ከዚያ ኮሚቴ ተቀመጠ። ጋሽ አፈወርቅ ገና ዘሩ ሲመረጥ «ይኼኛው ሲቃጠል በዐይኔ ያየሁት ይመስለኛል» ብለው ተከራክረው ነበር፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን አሳይተው ዝም ያሰኟቸው ሰዎች፣ አሁን መዝገቡን በትክክል አልያዙም ብለው ጻፉባቸው። እሳቸውም ጥፋቱን ተቀብለው ፈረሙ፤ ጡረታቸውን ጠይቀው ወደ አገራቸው ገቡ።

እፀገነትን የሚያንገበግባት ግን ይኼም አይደለም። ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት አንድ ጠዋት ጋሽ አፈወርቅ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወደ ክፍሏ መጥተው ነበር። «እፀገነት፣ እዚህ መሣሪያ ላይ የተነካካ ነገር አለ እንዴ?» አሏት። ሌላ ሥራ ይዛ ነበር። ፊቷን እንኳ ሳታዞር «ምንም የተነካ የለም ጋሼ፤ ያው የድሮው ነው» አለቻቸው። አልዋሸቻቸውም፤ ረስታው ነበር። ሰውየው አመስግነዋት ወጡ።

ዓርብ ጠዋት ሁለቱን ውጤት አትማ ለጣቢያው ኃላፊ ለአቶ ይታየው ወሰደችላቸው። አቶ ይታየው ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አዩትና ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«የተዘጋ ጉዳይ ነው። ሰውየው ጡረታ ወጥተዋል፤ ገበሬውም ረስቶታል። አሁን ይኼን ብታወጪው ማን ይጠቀማል?»

«ጋሽ አፈወርቅ ይወቁት እንጂ።»

«አንቺስ? ምን እንደሚከተልሽ አስበሽዋል?»

ከሐሙስ ጀምሮ ከዚያ የበለጠ ያሰበችው ነገር ስላልነበረ አፈረች። ወረቀቱን አንሥታ ወጣች።

ቅዳሜ በማለዳ በመሐል ሜዳ በኩል ወደ ራቤል የሚያደርሳትን ሚኒባስ ያዘች። ጥር ነው፤ ብርዱ ከመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ ጉልበቷን ያደነዝዘዋል። ከመሐል ሜዳ አልፈው ሽቅብ ሲወጡ ጉሙ ከጓሳው ሣር ላይ ገና አልተነሣም። የገብሱ ቃርሚያ፣ የድንጋዩ ካብ፣ ካቡን ተጠግተው የቆሙት በጎች፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። አጠገቧ የተቀመጡ ሴት ዘመድ ጥየቃ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። አዎ አለች። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር እንዳይጠይቋት ዐይኗን ጨፈነች። የምትናገረውን በልቧ ስታሰናዳ፣ ደጋግማ የምትጀምረው «የድሮው ፕሮግራም አልነሣ ብሎ ነበር» ከሚለው ነው፤ ይኼም ከሌላው ሁሉ በፊት ራሷን የሚያድናት ቃል መሆኑ እየታወቃት መልሳ ታጠፋዋለች።

የጋሽ አፈወርቅ ቤት ከከተማው ጫፍ ላይ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጠጄ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጥብቀው ደጃፍ ወጡ። እፀገነት ከጣቢያው መምጣቷን ስትነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«ደግሞ ምን ቀራችሁ?»

«ጋሽ አፈወርቅን ላናግራቸው ነው እናቴ። ክፉ ነገር አይደለም።»

ወይዘሮ ጠጄ ከበሩ ገለል ሳይሉ ተናገሩ። «የሉም። የወንድማቸው የጫኔ አርባው ነው ዛሬ። እዚያ ናቸው።»

እፀገነት ጫኔ ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ወይዘሮ ጠጄ አንዴ ከጀመሩ አላቋረጡም፤ ለማንም ተናግረውት የማያውቁት ነገር ይመስል ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ቶሎ ቶሎ ነገሯት። ጫኔ ወንድሜ ያመጣው ነው ብሎ ማሳውን በሞላ በዐርባ አንድ ቁጥር ዘርቶ ነበር። ከውርጩ በኋላ በጎቹን ሸጦ ጨረሰ፤ ሁለቱ ልጆቹ ሥራ ፍለጋ አገር ጥለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ወንድሙን አነጋግሮ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ እንኳ አንዱ በምሥራቅ በር፣ አንዱ በምዕራብ በር ነበር።

«ኅዳር ላይ ታመመ። እሳቸው ሄዱ። አልጋው አጠገብ ቆመው ጫኔ፣ ጫኔ ቢሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ታኅሣሥ ላይ በአንደበቱ ሳይጠራቸው ሞተ።» በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «እኔ አልሄድም ብዬ ነው የቀረሁ። የሰዉን ዐይን አልችለውም። እሳቸው ግን ወንድም ናቸው።»

እፀገነት ይቅርታዋን እዚያው ደጃፍ ላይ ልታፈስሰው ነበር፤ ተወችውና መንገዱን አሳዩኝ አለቻቸው።

ግማሽ ሰዓት ያህል በእግሯ ወረደች። ዳሱ የተጣለው ከጫኔ ቤት ፊት ለፊት ነው። ፍትሐቱ ተፈጽሞ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሷል፤ ቄሶቹ ከውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጠላና ዳቦ ይዞራል። ጋሽ አፈወርቅ ዳሱ ውስጥ አልነበሩም። በውጭ፣ የበረቱን ካብ ተጠግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየቻቸው። ጥቁር በርኖስ ለብሰዋል። አጠገባቸው ሰው የለም፤ ሰውም ወደ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ እንደ ምሰሶ ዞሯቸው ያልፋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ዐሥር ዓመት አርጅተዋል።

«እፀገነት!» ብለው በእጃቸው ካቡን ይዘው ተነሡ። «ኧረ ምን እግር ጣለሽ? ለቅሶውን ሰምተሽ ነው?»

«አልሰማሁም ጋሼ። እግዜር ያጥናዎት።» አጠገባቸው ቆመች፤ መቀመጥ አልቻለችም። «ያን ጊዜ ክፍሌ መጥተው የጠየቁኝን ያስታውሳሉ? መሣሪያው ላይ የተነካ ነገር አለ ወይ ብለውኝ ነበር።»

«አስታውሳለሁ። የለም አልሽኝ።»

«ነበረ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው። በሚኒባሱ ውስጥ ያሰናዳችውን ትታ ከሰኔ ዐሥራ አራት ጀመረች፤ ስለ ደንቡ፣ ስለተዘጋችው ማስታወቂያ፣ አዲሱ ፕሮግራም ዜሮን እንዴት እንደሚያየው። ጋሽ አፈወርቅ ስትጨርስ እጃቸውን ዘረጉ። ወረቀቶቹን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉና ጣታቸው በቁጥሮቹ ዓምድ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ።

«ቀየት ያለው ማሳ፣ ሦስተኛው መደብ» አሉ። «ይኼን አስታውሰዋለሁ። ጥቅምት ሃያ አንድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው የደረስኩት። ዛላውን በእጄ ስይዘው ዱቄት ሆነብኝ። በዐይኔ አይቼዋለሁ ብያቸው ነበር እኮ።»

«ብለዋቸው ነበር ጋሼ።»

ድንገት ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ በጣቢያው ኮሪደር ስታየው የኖረችው ጥድፊያ ለአንድ አፍታ ተመለሰ። «ዐሥራ ሁለት ቁጥር አንደኛ ወጣ ነው ያልሽኝ? ዘሩ ተቀምጧል? ቶሎ አውጥቶ ማባዛት ነው እንግዲህ፤ ለሰኔ ባይደርስ እንኳ ለመጪው...» ከዚያ ራሳቸው አቆሙ። ወረቀቱን ዝቅ አደረጉት። «የለም። ከውድድር የወጡት ዘሮች ሁሉ ለበጎቹ መኖ ይሂዱ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ከዳሱ ውስጥ ሰው ጠላ እየቀዳ «ጠጡ እንጂ፣ ጠጡ» ሲል ይሰማል።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ዐይኔን ስጠራጠረው ኖርኩ» አሉ ጋሽ አፈወርቅ በዝግታ። «መንገድ ላይ ሰው እጅ ሲነሣኝ እንኳ እሱ ነው ወይስ ሌላ ነው እያልኩ አፍጥጬ ነው የማየው። ጠጄ ወጡ ጨው አነሰው ወይ ስትለኝ አላውቅም ነው የምላት። ሁሉም ነገር እንደዚያ ሆነብኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉም። አልተቆጧትምም። ወረቀቶቹን በየእጥፋታቸው አጥፈው መለሱላት፤ መነጽራቸውንም አወለቁ።

«ለኔ ነገርሽኝ» አሉ። ፊታቸውን ወደ ዳሱ መለሱ። «እዚያ ውስጥ ያለችው ተሾመች ናት፤ የጫኔ ሚስት። እኔ ብነግራት ራሴን ላነጻ የፈጠርኩት ነው የሚመስላት። አንቺን ደግሞ ሂጂ አልልሽም። ከዚህ መመለስ ትችያለሽ። መጥተሽ መንገርሽም ትልቅ ነገር ነው።»

እፀገነት ወደ መጣችበት ዳገት አየች። የመመለሻው መኪና ሳያመልጣት መድረስ ትችል ነበር። አቶ ይታየው እንዳሉት የተዘጋ ጉዳይ ነው፤ የሚያውቁትም ከአቶ ይታየው በቀር እሷና እኚህ ካብ የተጠጉ ሰው ብቻ ናቸው። ወረቀቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እዚያ ውስጥ የሚያነባቸው የለም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ዳሱ ገባች።

ተሾመች ከሴቶቹ መሐል አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯ ተላጭቷል፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ባይበልጥም እጆቿ የአሮጊት ናቸው። እፀገነት ጎንበስ ብላ አጠገቧ ተንበረከከች።

«እግዜር ያጥናዎት። ስሜ እፀገነት ነው። ጋሽ አፈወርቅ ይሠሩበት ከነበረው ጣቢያ ነው የመጣሁት። ስለ ገብሱ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

ተሾመች ቀጥይም፣ ተይም አላለችም።

ደንብ፣ ሞጁል፣ ፕሮግራም የሚሉት ቃላት አፏ ውስጥ ደረቁ። በዚህ ዳስ ውስጥ የትኛውም አይበቃም። «ጋሽ አፈወርቅ ያ ገብስ ውርጭ እንደማይችል አይተው፣ በትክክል ጽፈውት ነበር» አለች። «እሳቸው የጻፉትን የሚቆጥር መሣሪያ አለ። ያን መሣሪያ እኔ ለወጥኩት፤ መለወጤን ሳልነግራቸው። መሣሪያው ውርጭ የገደለውን እንዳልተዘራ አድርጎ ቆጠረው። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም። የኔ ነው።»

ተሾመች እጆቿን አየች።

«ጫኔ ይኼን ያውቅ ነበር?»

«አያውቁም ነበር። እኔም ያወቅኩት ሐሙስ ነው።»

«ሐሙስ» አለች ተሾመች። ቃሉን እንደ ባዕድ አገር ስም አዳመጠችው። «ኅዳር ላይ ብትመጪ በሕይወት ነበረ።»

እፀገነት ራሷን ደፋች።

«እኔ የምቀየመው ሰው ነበረኝ» አለች ተሾመች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ቁጣም አልነበረበትም። «ማታ ስተኛም ጠዋት ስነሣም፣ ልጆቼ ሲናፍቁኝም እሱን ነበር የምቀየመው። ባሌም ፊቱን አዙሮበት የሞተው ጥፋቱ የሱ ነው ብሎ ነው። አሁን ማንን ልቀየም?»

«እኔን።»

ተሾመች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ጫማዋን፣ ቦርሳዋን፣ ብርድ ያቀላውን ፊቷን፣ አንድ በአንድ አየቻት።

«አንቺን አላውቅሽም» አለች።

ከጎን ያሉት ሴቶች ዐይናቸውን ሰበሩ። ቄሶቹ ከወዲያ ማዶ ሆነው ምን እንደተባለ ለመስማት ጨዋታቸውን አቁመዋል። እፀገነት ተነሥታ ልትወጣ ጉልበቷን ስታነሣ፣ ተሾመች ከፊቷ ካለው ሌማት ቁራሽ ዳቦ አንሥታ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«ብዪ። ከሩቅ ነው የመጣሽ።»

ተቀበለች። ትንሽ ቆርሳ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ሰው ሁሉ እያያት ስለነበር አላመጠችው፤ ዋጠችው፤ ደግሞ ቆረሰች።

በዳሱ መግቢያ ላይ ጥላ አጠላ። ጋሽ አፈወርቅ ቆመዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው በደረታቸው ይዘውታል። ግቡ ያላቸው የለም፤ አትግቡ ያላቸውም የለም። ከውጭ ብርሃን ስለመጡ ጨለማው ውስጥ ያለውን ሰው ለመለየት ዐይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ቀስ ብለው ይመለከታሉ።

ተሾመች አየቻቸው። ቀሚሷን ሰብስባ በአግዳሚው ላይ ፈቀቅ አለች፤ ከአጠገቧም ጠባብ ቦታ ተከፈተ። ቦታ ልትለቅላቸው ይሁን ወይም ተነሥታ ልትሄድ እንደሆነ ሳታውቅ፣ እፀገነት ዳቦውን ይዛ ትጠብቃለች።